ከቤተልሔም የወጣ

ካርዷ መዳፍ አታህልም። በኮምፒውተር ተጽፋ በፕላስቲክ ተለብጣለች። እንዲህ ትላለች፦ «የልደት ትዕይንት። ከቤተልሔም የመጣ። የወይራ እንጨት። በቅድስት አገር ጠራቢዎች ተሠርቶ በተሳላሚዎች ወደ ጎጃም የገባ። ዮሴፍ ጠፍቷል።» እኔ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ድርሰት ሳርም የኖርኩ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ በአምስት መስመር ውስጥ ይህን ያህል ስሕተት ያጨቀ ተማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እንጨቱ ዋንዛ እንጂ ወይራ አይደለም። ቤተልሔሙ ያ ቤተልሔም አይደለም። ጠራቢው የቅድስት አገር ሰው ሳይሆን አባቴ ነው። ዮሴፍም አልጠፋም፤ እኔ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል።

ወደ ሙዚየሙ የሄድኩት ባልደረቦቼ ነዝንዘውኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የባህል ዕቃ ሙዚየም ከተከፈተ ጥቂት ጊዜው ነው፤ ዘንድሮ የገና ጾም ሲገባ አንዱን ክፍል ከየገጠሩ ለተሰበሰቡ፣ ከእንጨት ለተቀረጹ የልደት ሥራዎች ሰጡት። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ከኢየሩሳሌም የመጣ ቅርጽ አለ፣ ሰው እየሄደ ይሳለመዋል፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከኢየሩሳሌም መጣ በሚባል ነገር ላይ ቂም አለኝ፤ አንድ ጊዜ ከዚያው የመጣ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ መቁጠሪያ በመጀመሪያው ዝናብ ቀለሙን ነጠላዬ ላይ ለቆብኛል። ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ።

ክፍሉ ጥሩ ክፍል ነው። የሚወቀሰውን ስለምወቅስ የሚመሰገነውን አልክድም። ከደብረ ኤልያስ በኩል በመጣ አንድ ሰሌዳ ላይ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋለች፤ በሬው ሻኛውን ቀና አድርጎ ትንፋሹን ይሰጠዋል። በሬው የእኛው አገር በሬ ነው፤ ገበያ ላይ ቢቆም ዋጋው ይጠየቅ ነበር። ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የተገኘ የብራና መጽሐፍ የእንጨት ሽፋን ደግሞ አለ፤ ቀራጩ ለመላእክቱ ክንፍ የሚሆን ቦታ ስላጣ ክንፋቸውን እንደ ነጠላ መስቀለኛ አጣፍቶ አልብሷቸዋል። ፈገግ እያልኩ ነበር የምዞረው። በየካርዱ ላይ «ሠሪው ያልታወቀ» የሚለውን እያነበብኩ እንኳ አልተናደድኩም። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የሌላው ሰው አባት ሲረሳ ብዙም አይሰማም።

ከዚያ ጥጉ ላይ ያለው የመስታወት ሣጥን ጋ ደረስኩ። ሁለት ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው መስታወቱን በግንባራቸውና በከንፈራቸው ይሳለማሉ። መስታወቱ ከመሳም ብዛት ወዝቷል። ተራዬን ጠብቄ ቀረብ ስል መጀመሪያ ዓይኔ የገባው አራተኛው እረኛ ነው። ጎንበስ ብሎ የገና ዱላውን ወደ ኋላ ሰንዝሯል፤ እግሩ ሥር ሩሯ ተቀምጣለች። ያቺን የእንጨት ኳስ አውቃታለሁ። ከእረኞቹ መካከል ማን ይምታት ተብዬ ተጠይቄ፣ «ይኸኛው ይምታት» ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ካርዷን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንብቤም ጮህኩ። አንዷ ሴትዮ መንፈስ ያስጮኸኝ መስሏት አማተበችብኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ በየትኛው የይሁዳ መስክ ላይ ነው እረኛ ገና የሚጫወተው?

አባቴ ከአምበር ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖር ጠራቢ ነበር። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ አገሩ ቤተሰቡን በሙሉ ጠይብ ይለዋል። ይህ ቃል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ማረሻህን የሚሠራልህን ሰው፣ ሥራውን ተቀብለህ ስታበቃ፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ብለህ ልጅህን የምትደብቅበት ቃል ነው። አባቴ ብረቱን ትቶ ወደ እንጨት የዞረው ስሙ ከከሰሉ ጋር የሚቀር መስሎት ነበር። አልቀረም። አልጋ ሊያደርስ ሰው ቤት ሲገባ ወተቱ ይከደናል፤ ሕፃኑ ወደ ጓዳ ይወሰዳል። ድግስ ሲጠራ በሩ ጥግ ነበር የሚያስቀምጡት፤ በሩን የሠራላቸው እሱ ሆኖ ሳለ። እኔም ለአካለ መጠን ደርሼ የአንዱ ወንድ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር፤ በኋላ አጥንታችን ሲቆጠር በዚያው ቀሩ። ይህን ዛሬ እየሳቅኩ እናገረዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አልሳቅኩም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው አጨዳ ላይ ስለሚሆን ለአባቴ ሥራ የሚያዘው ሰው አልነበረም። በእነዚያ ሳምንታት ለራሱ ይቀርጽ ነበር። የጀመረው እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው፤ ያን ዓመት እመቤታችንን ከነሕፃኗ ከአንድ ጉማጅ ዋንዛ አወጣ። በሁለተኛው ዓመት በሬውን፣ በሦስተኛው አህያውን፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ እረኛ። ቁመታቸው ከስንዝር ብዙም አያልፍም። እኔ ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ፍቅፋቂውን ለማገዶ እለቅማለሁ፤ እሱ በመሮው ጫፍ ዓይንና ከንፈር ያወጣል። እረኞቹን ሁሉ የገና ዱላ አስያዛቸው። የምሥራቹን ሲሰሙ በደስታ ዱላቸውን ይዘው መጫወት ጀመሩ፤ ጨዋታው ከዚያ ነው የመጣው ብሎ አምኖ የኖረ ሰው ነበር።

ጀርባቸውን ግን አይነካውም። ፊታቸው የቀሚስ ዘርፍ ሳይቀር ጠርቶ የተሠራ፣ ጀርባቸው ከነቅርፊቱ ነው። ይህን ያመጡት የአጥቢያችን መሪጌታ ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ዛሬም አንቱ ነው የምላቸው፤ ቁጣ ሌላ፣ አፍ ሌላ። አባቴ የመጀመሪያውን ሥራ ሲያሳያቸው አገላብጠው አይተው፣ ሥዕል ፊት ነው፣ ጀርባ ያለው ነገር ግን ጣዖት ይሆናል አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። አባቴ ግን ደስ ብሎት ተመለሰ። «ፊቱን እኔ ሠራሁት፤ ጀርባውን እግዜር ሠርቶታል፤ ተጋግዘን ነው» ይል ነበር ቅርፊቱን በአውራ ጣቱ እያሻሸ። አውራ ጣቱ ጫፍ የለውም፤ ልጅ ሳለ መጥረቢያ ወስዶበታል።

የኔታ የቅኔ ሊቅ ናቸው። ቃል ሲፈቱ ለመስማት ሰው መንገዱን ትቶ ይቆም ነበር። አንድ ቀን በዋርካቸው ጥላ ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ እኔ ፍቅፋቂ ተሸክሜ ሳልፍ፣ ጠይብ ማለት ጠቢብ ማለት ነው፣ ባላገር አፍ ብን በልቶ ይን ተክቶበት ነው እንጂ ቃሉ አንድ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ እንጨቱን ተሸክሜ እየሮጥኩ ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴም ሳቀ። በማግስቱ የኔታ በደጃችን ሲያልፉ «ጠይቡ፣ እንዴት አደርክ?» ብለው አለፉ። ሰሙንም ወርቁንም ያውቁታል፤ አባቴን ግን በሰሙ እንጂ በወርቁ ጠርተውት አያውቁም።

አሥሩ ሲያልቁ አባቴ ለቤተ ክርስቲያኑ መስጠት ፈለገ። የት ይቀመጡ የሚለው ነገር ሆነ። ከሥዕላቱ ጋር እንዳይሰቀሉ እንጨት ናቸው፤ ሜዳ ላይ እንዳይጣሉ የእመቤታችን መልክ ነው። የኔታ አሰብ አደረጉና፣ ጌታ የተወለደው ቤተልሔም አይደለም እንዴ፣ እዚያው ይግቡ አሉ። አገሩ ሁሉ በአነጋገራቸው ተደነቀ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ቤተልሔም ትባላለችና። ከካህንና ከዲያቆን በቀር ደግሞ እዚያች ቤት ማንም አይገባም። ቅኔው አማረ፤ አባቴ ግን የአሥር ዓመት ሥራውን ከዚያ ወዲያ በዓይኑ አላየውም።

በዓመቱ ዮሴፍን ሠራ። እንዳለ ራሱን ነው የሠራው፤ ሰፊ ግንባሩን፣ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለ አንገቱን፣ ጉልበቱ ላይ መጥረቢያውን፣ ጫፍ የሌለውን አውራ ጣቱን። ዮሴፍም ጠራቢ ነበርና ምን ጥፋት አለበት? አገሩ ግን ተቆጣ። ጠይቡ ራሱን ከእመቤታችን አጠገብ አቆመ ተባለ። የኔታ ዮሴፍን በጨርቅ ጠቅልለው ራሳቸው አመጡት፤ ሕዝቡ ከሚያጉረመርም ይቅር ብለው አስረክበውት ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አባቴ የበር ሥራ፣ የአልጋ ሥራ እንጂ ቅርጽ አልቀረጸም። የቤተ ክርስቲያኑን ትልቁን በር የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው፤ በሩ ግን እስከ ዛሬ አልተላቀቀም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነው እዚያች ካርድ ፊት የቆምኩት። የክፍሉ ኃላፊ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ እምነቱም ከእኛ የተለየ፣ ትሕትና ያለው ሰው ነው። አማርኛው የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ስድብ ያልገባበት። ወንበር አመጣልኝ። አልቀመጥም አልኩት። ያንን አራተኛውን እረኛ አዙርልኝ፣ ጀርባው ቅርፊት ነው፣ ቅርፊቱም የዋንዛ ነው፣ ካልሆነ እኔ እብድ ነኝ አልኩት። ጓንት አድርጎ ሣጥኑን ከፈተና እረኛውን ከግድግዳው አላቆ አዞረው። ቅርፊቱ እንዳለ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሳይቀሩ ጠጋ ብለው አዩት።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠበት። ቀጥሎ መዝገብ አምጥቶ አሳየኝ። የድሮዋ ቤተልሔም ፈርሳ በብሎኬት ስትሠራ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃዎቹን ለሙዚየሙ ሲያስረክብ የተጻፈ የርክክብ ወረቀት ነው። በየኔታ እጅ ጽሕፈት፣ በዚያ ባማረ ፊደል፣ «ከቤተልሔም የወጣ የልደት ምስል፣ ቁጥሩ አሥር» ይላል። ኃላፊው ይህን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የቤተልሔም ጠራቢዎች በወይራ እንጨት የልደት ቅርጽ እንደሚሠሩ አነበበ፤ ሁሉም ነገር ገጠመለት። «እኔ ቤተልሔም አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ መምህርት» አለኝ። በዚህ ሰው ላይ መናደድ አልቻልኩም። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ረግጦ ለማያውቅ ሰው ማን ይንገረው? ቅኔ ለማያውቅ ሰው ቅኔ ጽፈው ሰጡት፤ እሱም በሰሙ ፈታው።

የተናደድኩት ከዚያ በኋላ በነገረኝ ነገር ነው። ክፍሉ በተከፈተ ዕለት የኔታ ተጋብዘው መጥተው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ካርዷን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ከፊቷም ብዙ ቆሙ። ስሕተት ካለበት ይንገሩን ሲባሉ፣ መልካም ነው ብለው አለፉ።

መልካም ነው! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ለካ እውነት ነው። ከአባቴ ዓይን ወተት የከደኑትን ይቅር ልል እችል ነበር፤ በሩ ጥግ ያስቀመጡትን ይቅር ልል እችል ነበር፤ ድንቁርና ነው እላለሁ። የኔታ ግን አውቀው ነው። አባቴ የአሥር ዓመት ኅዳሩንና ታኅሣሡን የሰጠበትን ሥራ፣ በሕይወቱ እንዳያየው ያደረጉትን ሥራ፣ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ላለ ለማያውቁት ሰው አንስተው ሰጡበት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኛ ግን የማናውቀውን አገር እየናፈቅን የምናውቀውን ሰው እንንቃለን። የአባቴን እጅ ለመጨበጥ የሚሳቀቅ አገር የአባቴን አህያ በመስታወት ይስማል። እዚያው ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ተናግሬዋለሁ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌም አይደለም።

ኃላፊው ካርዷን ለመቀየር ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ሰጪው ቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ የየኔታ ቃል ያስፈልገኛል አለ። እዚያው ስልክ ደወለላቸውና ለእኔ ሰጠኝ። ከሰላምታ በኋላ ነገሩን ነገርኳቸው። አልካዱኝም። እስክጨርስ ሰሙኝና በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ሕዝቡ እየተባረከበት ነው። ጠይብ ሠራው ከተባለ ማን ይሳለመዋል? ለሞተ ሰውስ ስም ምን ያደርግለታል?»

አፌ ላይ የመጣው ለአዛውንት የማይባል ስለነበር ዋጥኩት። ሐሙስ ሙዚየሙ ይምጡልኝና ፊት ለፊት እንነጋገር ብዬ ስልኩን መለስኩ። ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ሰላም ያሉኝን ሁሉ ሳልመልስ አልፌያለሁ፤ በኋላ ሰው አኩርፋኛለች ብሎ አማኝ።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰማንያን ጨርሳለች። ጉልበቷ ይዟታል፤ ፊደል አልቆጠረችም። ጆሮዋ ግን የሚገርም ነው፤ ጎረቤት ሰው ሲያማ ከግድግዳው ወዲህ ሆና የማንን ስም እንዳነሳ ትነግረኛለች። ነገሩን በሙሉ ነገርኳት። ካርዷን በቃሌ አነበብኩላት። የየኔታን ቃልም ሳልጨምር ሳልቀንስ አልኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ተነስታ ዮሴፍን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አነሳችና በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን መጥረግ ጀመረች። ግንባሩን ጠረገች፣ አንገቱን ጠረገች፣ አውራ ጣቱ ጋ ስትደርስ ቆየት አለች። ከዚያ፣ ሐሙስ ባጃጅ ጥሪልኝ፣ እኔም እሄዳለሁ አለች። ዮሴፍንም ልትሰጣቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይሁን ብላ ነው የምትወስደው፤ ወረቀቱ ላይ የሱ ሥራ መሆኑ ካልተጻፈ ግን ይዛው ትመለሳለች።

ሐሙስ ዕለት ዮሴፍን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ባለ ባጃጁ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲያንገጫግጨን «ቀስ በል፣ ሰው ይዣለሁ» ትለዋለች። እሱም ሕፃን መስሎት ቀስ አለ።

የኔታ ቀድመውን ደርሰዋል። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሣጥኑ ፊት ቆመው ነበር። እናቴን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት፤ እሷም ጎንበስ አለች፤ ጤናውን፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ተጠያየቁ። እኔ በቁጣ ልፈነዳ እነሱ ስለ ጤፍ ያወራሉ። ሰላምታው ሲያልቅ እናቴ ነጠላዋን ፈታችና ዮሴፍን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

ኃላፊው አራተኛውን እረኛ አምጥቶ ከጎኑ አቆመ። አንድ እንጨት፣ አንድ መሮ፣ አንድ ዓይነት አፍንጫ። ጀርባቸውን ሲያዞራቸው አንድ ዓይነት ቅርፊት። የኔታ ግን ይህን ሁሉ አላዩም። ዓይናቸው አውራ ጣቱ ላይ ቀርቷል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው በር ከፍቶ የገባባቸው ይመስል ነበር። ከአፋቸው አምልጧቸው፣ «ይህማ ያ ጠይቡ ነው» አሉ።

ኃላፊው ብዕሩን አንስቶ መጻፍ ጀመረ።

«አዎ፣ ያ ጠይቡ ነው» አለች እናቴ። «የኔታ፣ አንቱ በየማለዳው የሚስሙትን በር ማን ጠረበው? እሱ አይዶል? በሩን ከሳሙ፣ እጁን ስመዋል ማለት ነው። ታዲያ ስሙ ምን አረገዎ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ቀስ ብለው፣ የጠረበው እሱ እንደሆነ፣ ሁሉንም እሱ እንደጠረበ ለኃላፊው ነገሩት። የአባቴ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ኃላፊው ሲጠይቀኝ ፊደል በፊደል ነገርኩት። በማረምኩት የተማሪ ደብተር ሁሉ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ስጽፈው የኖርኩትን ስም የዚያን ቀን በሌላ ሰው እጅ አስጻፍኩት።

ኃላፊው አዲሱን ካርድ ለጊዜው በእጁ በወፍራም ወረቀት ላይ ጻፈና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አነበብኩት። «የልደት ትዕይንት፣ ከነዮሴፉ። ዋንዛ። ለቤተ ክርስቲያን ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተልሔም የተገኘ። ሠሪው፦ ጠቢብ» ይልና ከዚያ ቀጥሎ የአባቴን ስም ከነአባቱ ያስከትላል። ጠቢብ! ሰውየው የየኔታን «ጠይቡ» በትምህርት ቤት አማርኛው «ጠቢቡ» ብሎ ሰምቶት ነው። ማዕረግ መስሎታል፤ መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ እንደሚባለው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። እጄ ሳላዝዘው ወደ ብዕሩ ሄደ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ፊደል ያረመ እጅ ነውና። መሐል መንገድ ላይ ያዝኩት። ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

እናቴ ወረቀቱን አንስታ አገላበጠችው። ከጎኗ የቆምኩት እኔ መምህርት ነኝ፤ ወረቀቱን ግን ወደ እኔ አልዘረጋችውም። ወደ የኔታ ዘረጋችው።

«ማንበብ አላውቅም፣ የኔታ፤ ምን ይላል? ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

መነጽራቸውን አወጡ። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ተማሪ እንደሚያስቆጥሩ ሆነው፣ ማንበብ ጀመሩ። ዋንዛውን አነበቡ። ቤተልሔሙን አነበቡ። «ሠሪው» የሚለው ጋ ደርሰው ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው ኃላፊውን አዩት፤ እሱ ምንም አላወቀም። ከዚያ እኔን አዩኝ። በዋርካው ጥላ ሥር ያሉትን መስማቴን ያወቁ ይመስለኛል። ቢሳሳት ኖሮ ሊያርሙት ይችሉ ነበር፤ ግን አልተሳሳተም፤ ቃሉ ቃላቸው ነው፤ ራሳቸው የፈቱት ነው።

«ጠቢብ» አሉ፤ ከዚያም የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠሩ።

እናቴ ጆሮዋን በእጇ ደገፍ አድርጋ ወደ እሳቸው ዘንበል አለች።

«አልሰማሁም፣ የኔታ። ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት።